ወፍራም ድምፅና የተጣለ ዕቃ

አማርኛ ድምፅን ቀጭንና ወፍራም ብሎ ይለያል። አለያየቱ ከዘመናዊው የፊዚክስ ትምህርት በፊት የነበረ ቢሆንም ከሳይንሱ ጋር አይጣላም። የጸናጽል ድምፅ ቀጭን ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ከጣት ርዝመት ብዙም ስለማይበልጥ መጋረጃ ያደክመዋል፣ የምእመናን ነጠላና ጋቢም ይመጠዋል። የከበሮ ድምፅ ግን ወፍራም ነው። በሴኮንድ 80 ጊዜ የሚነዝር ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ ከ4 ሜትር በላይ ይረዝማል። ይህን የመሰለውን ድምፅ ስስ ጨርቅ አይመልሰውም፣ አያደክመውምም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል፤ አንዱ ፈትል ብቻውን ምንም ሲሆን ተደራርቦ ሲወፍር ግን አንበሳውን ይይዛል። በሙያው ቋንቋ የቤዝ ወጥመድ የሚባለው ነገር ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። የሚፈልገው ውፍረት፣ ክብደትና የታፈነ አየር ነው፤ እነዚህም ሦስቱ በሀብታም መደብር ብቻ የሚሸጡ አይደሉም። ወጥመዱ ከተገኘውና ከተጣለው ዕቃ ሲሠራ የኖረበት ታሪክ ረዥም የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከአምባ መቅደላ አንሥቶ እስከ መካነ ሰላም በሚዘልቀው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የቀድሞው የቤት አሠራር የታወቀ ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ወይም እንጨትና ጭቃ ሲሆን ክዳኑ ሣር ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም ክብ ሆኖ በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ ይከፈላል። ደብተራዎቹ የሚቆሙበትና ከበሮው የሚመታበት ቅኔ ማኅሌት መቅደሱን እንደ ቀለበት የሚዞር ጠባብ ስፍራ ስለ ሆነ፣ ድምፁን እያንጓለለ የሚያመላልስ ፊት ለፊት የተፋጠጠ ረዥም ግድግዳ እንደ አራት ማዕዘን አዳራሽ የለበትም። ከሁሉ በላይ ግን ሥራውን የሚሠራው ክዳኑ ነው። በየጊዜው እየተደረበ የሚወፍር ሣር በውስጡ አየር የሞላው፣ ቀላልና ልል ነገር ነው። ቀጭኑን ድምፅ ይመጠዋል፤ ወፍራሙ ደግሞ ከፊሉ በሣሩ ውስጥ ይደክማል፣ ከፊሉም ዘልቆ ወደ ውጭ ይወጣል። ከበሮው ተመትቶ ድምፁ ሲያበቃ ቤቱም አብሮ ዝም ይላል። ሠሪው ያሰበው ስለ ዝናብና ስለ ብርድ ነው፤ ስለ ድምፅ የተጨነቀ አይመስልም። ይሁን እንጂ ያላሰበው ነገር ተሠርቶ ተገኝቷል።

እንዲህ ያለው አሠራር የራሱ ጠላት ነበረው፤ እርሱም እሳት ነው። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ አምባውን ለቅቆ ሲወጣ በእሳት አጋይቶታል። ሣር ክዳን ለመሥራት ክረምት ከበጋ የሚጠይቀውን ያህል ለመንደድ ጊዜ አይፈልግም። በኋላም ከዐፄ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ ቆርቆሮ ከአዲስ አበባ ወደ ጠቅላይ ግዛት እየተስፋፋ ሲሄድ የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቆርቆሮ አይነድም፣ አያፈስም፣ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አያሻውም። በድምፅ በኩል ግን ቀጭኑን እንደ መስተዋት ይመልሰዋል፤ ዝናብ ሲጥልም የተናጋሪውን ቃል ጨርሶ ይውጠዋል። ወፍራሙን ድምፅ በተመለከተ ቆርቆሮን ያለ አግባብ መውቀስ አይገባም። ስስ በመሆኑ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ጥቂቱን ያሳልፈዋልና። ወፍራሙ ድምፅ ጨርሶ የታሰረው ብሎኬት ግድግዳና የኮንክሪት ሶሌታ የመጡ ጊዜ ነው። ልስን ኮንክሪት በሴኮንድ 125 ጊዜ ከሚነዝር ድምፅ የሚይዘው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረውን ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ድምፅ ማጉያውም ከሶሌታው ጋር በተቀራራቢ ዘመን መግባቱ ችግሩን አባባሰው። ክፍሉ ማውጣት የማይችለውን ወፍራም ድምፅ ማሽኑ አብዝቶ ይጨምርበት ጀመር።

ጉዳቱ በተለይ አማርኛ ላይ ይከፋል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ የሚባሉት ድምፆች ከወንድሞቻቸው የሚለዩት በአጭርና በቀጭን ፍንዳታ ነው። አዳራሹ ከፊተኛው ቃል የተረፈውን ወፍራም ጉምጉምታ ይዞ ከቆየ ያ ትንሽ ፍንዳታ ይሸፈናል። በመጨረሻ መደዳ የተቀመጠ ሰው ስለ አንድ ሰው ሲነገር «ቀሰሰ» ይሁን «ከሰሰ» መለየት ያቅተዋል፤ የሁለቱ ቃላት ልዩነት ደግሞ ለባለጉዳዩ ቀላል አይደለም። ለዜማ የተወሰነ መዘግየት ውበት ይሰጠዋል፤ ለትምህርት፣ ለስብከትና ለስብሰባ ግን ዕዳ ነው። በኋለኛው ወንበር የሚቀመጥ ተማሪ ትምህርቱ የከበደው በአእምሮው ድክመት እየመሰለው ሊያድግ ይችላል፤ የከለከለው ግን ሶሌታው ነው።

ክፍሉ ያልያዘውን ድምፅ ሆን ብሎ በዕቃ ለመግራት የተደረገው ሙከራ በጽሑፍ የሚገኘው ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ነው። ሮማዊው የሕንፃ ዐዋቂ ቪትሩቪየስ ስለ ሥነ ሕንፃ በጻፈው መጽሐፍ በ5ኛው ክፍል፣ በቲያትር መቀመጫዎች ሥር በድምፅ ልክ የተቃኙ የነሐስ ዕቃዎች እንዲቀመጡ ይመክራል። ለዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን አያይዞ የጠቀሰው ነገር ነው። በትንንሽ ከተሞች ቲያትር የሠሩ ብልህ ባለሙያዎች ነሐስ ለመግዛት ዐቅም ስላነሳቸው በምትኩ የሸክላ ጋን ተጠቅመው ጥሩ ውጤት አግኝተዋል ይላል። የሙያው የመጀመሪያ ምስክር የድሃውን ከተማ መፍትሔ ሳይንቅ መመዝገቡ የሚያስመሰግነው ነው። ከዚያው ጋር ሙሚየስ የተባለው የሮማ ጦር አለቃ የቆሮንቶስን ቲያትር አፍርሶ የነሐስ ዕቃዎቹን ወደ ሮማ እንደ ወሰደ ያወሳል። የመቅደላ ሀብት በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ፣ በደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ መቅረቡን ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ ወሬ እንግዳ አይሆንበትም። ወራሪ ነሐሱን ይጭናል፤ ጋኑን ግን ትቶት ይሄዳል።

ቪትሩቪየስ ዕቃዎቹ ድምፅን ያጐላሉ ብሎ ያምን ነበር። በመካከለኛው ዘመንም ይኸው እምነት ቀጥሎ በብዙ የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ውስጥ ማሰሮዎች አፋቸው ወደ ውስጥ እየዞረ ተቀብረዋል። በሜትስ ከተማ የነበረው የሴሌስቲን ገዳም ዜና መዋዕል እንደሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ1432 የገዳሙ አለቃ በሌላ ስፍራ ያየውን ተከትሎ መዘምራኑ በሚቆሙበት ስፍራ ማሰሮዎች እንዲገቡ አዘዘ። ጸሐፊው በነገሩ አልተደሰተም፤ ማሰሮዎቹን ለሞኝ ማስደሰቻ ያህል ቈጥሯቸዋል። ሁለቱም በከፊል ትክክል፣ በከፊልም ስሕተት ነበሩ ማለት ይቻላል። ማሰሮ ከራሱ ድምፅ አይፈጥርምና አያጐላም፤ ዳሩ ግን ከንቱ ዕቃ አይደለም።

ምክንያቱን ግልጽ ያደረገው ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ሄልምሆልትስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተመው ስለ ድምፅ ስሜት በሚናገር መጽሐፉ ባዶ ሆድና ጠባብ አንገት ያለው ዕቃ በአንድ በተወሰነ ድምፅ ብቻ እንደሚነዝር አስረዳ። በአንገቱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሆዱ ያለው ደግሞ እንደ ሽቦ ሞላ ይሠራል። ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ከዕቃው ቅኝት ጋር ሲገጥም የአንገቱ አየር ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በኃይል ይመላለሳል፤ ልል ጨርቅ ወይም ጠጉር ከአንገቱ ላይ ቢገኝ ያ እንቅስቃሴ በመፋተግ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ መጽሐፍ ሲታተም የመቅደላ ጦርነት ገና 5 ዓመት ይቀረው ነበር።

ስሌቱን ወደ ቤት ማምጣት አይከብድም። ሆዱ 60 ሊትር የሚይዝ፣ የአፉ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር፣ አንገቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጠላ ጋን በደጋው ብርድ፣ የድምፅ ፍጥነት በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ በሚሆንበት አየር፣ በሴኮንድ ወደ 80 በሚጠጋ ንዝረት ይቃኛል። አፉ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ቢጠብብ ቅኝቱ ወርዶ 55 ግድም ይደርሳል። ሁለቱም በከበሮና በድምፅ ማጉያ ጉምጉምታ ክልል ውስጥ የሚወድቁ ናቸው። አንድ ጋን በቅኝቱ ላይ ሳለ ቢበዛ የ3 ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት ያህል ድምፅ ሊውጥ ይችላል፤ ከቅኝቱ ትንሽ ወጣ ሲል ግን ተራ ሸክላ ነው። ስለዚህ የተለያየ መጠን ያላቸውን ጋኖች መደባለቅ ያስፈልጋል። ፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን የጋንን ሥራ ከወሰዱበት ወዲህ በየጓሮው ተደፍቶ የሚታይ ጋን ብዙ ነው። የተሰነጠቀውም ቢሆን ስንጥቁ በጭቃ እስከ ተደፈነ ድረስ ያገለግላል። ጀሪካኑ ራሱ ግን ጎኑ ስለሚተጣጠፍ ጋኑን አይተካውም።

የድምፅ ልኬት ታሪክ ራሱ የተጀመረው በውሰት ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፎግ ሙዚየም የንግግር አዳራሽ አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ 5 ሴኮንድ ተኩል ያህል እየቆየ ያስቸግር ነበር። ጉዳዩ የተሰጠው ወጣቱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሴባይን ልዩ መሣሪያ አልነበረውም። በቅርብ ካለው የሳንደርስ ቲያትር የወንበር ትራሶችን ከረዳቶቹ ጋር በሌሊት እያጓጓዘ፣ በአንድ የኦርጋን ቧንቧና በሰዓት መቈጣጠሪያ ድምፁ የሚጠፋበትን ጊዜ እየለካ፣ ሳይነጋ ትራሶቹን ወደ ስፍራቸው ይመልስ ነበር። ከዚህ ድካም የወጣው ቀመር እ.ኤ.አ. በ1900 ለተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ መሠረት ሆነ፤ ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ትራሱ አንድ የማይጠቅም ልማድም አትርፏል። ከሴባይን በኋላ ብዙ ሰው የሚያስተጋባ ክፍል ሁሉ በጨርቅ የሚድን መሰለው። በኮንክሪት ላይ የተነጠፈ ወፍራም ምንጣፍ በሴኮንድ 2000 ከሚነዝረው ድምፅ ከመቶ 60 እጁን ሲይዝ፣ በሴኮንድ 125 ከሚነዝረው ግን የሚይዘው 2 እጅ ብቻ ነው። ምንጣፍ የበዛበት ክፍል ታዲያ ቀጭኑ ተለቅሞ ወፍራሙ ብቻውን የቀረበት፣ የታፈነና የሚያጕመጕም ስፍራ ይሆናል። የእንቁላል ካርቶን በግድግዳ ላይ የመለጠፍ ልማድም ከዚሁ ስሕተት የመነጨ ነው። ካርቶኑ ስስ ነው፤ ውጣ ገባ ቅርፁ ለዓይን እንጂ ለከበሮ አይገደውም።

ትምህርቱን በተግባር ካዋሉት መካከል የብሪታንያ ሬዲዮ ድርጅት መሐንዲሶች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለስቱዲዮዎቻቸው ለጣሪያ ውኃ መከላከያ የሚሆነውን ካትራሜ የተነከረ ልባስ ወስደው ጥልቀት ባለው የእንጨት ሳጥን አፍ ላይ ወጠሩት። ክብደት ያለው ልባስ ከፊት፣ የታፈነ አየር ከኋላ ሲሆን ነገሩ የሄልምሆልትስ ማሰሮ በሌላ መልክ ነው። ለግንበኛ የተሠራ ተራ ዕቃ የሬዲዮ ጣቢያን ድምፅ አስተካከለ።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ በጉልህ የሚታየው በሙዚቃ ቀረጻ ታሪክ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሣዊ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በድፍረት የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ሥራ አወጣ። ሸክላዎቹ የሚታተሙት ባሕር ማዶ፣ አስቀድሞ በሕንድ በኋላም በሊባኖስ ነበር። አማርኛ ለጋኑም ለሙዚቃው መያዣም አንድ ቃል፣ ሸክላ፣ መስጠቱ በአጋጣሚም ቢሆን ደስ ያሰኛል። ማተሚያው ሩቅ ይሁን እንጂ ድምፁ የሚወለደው አዲስ አበባ በነበረ ክፍል ውስጥ ነው፤ በክፍሉ የተበላሸን ወፍራም ድምፅ የሊባኖስ ማሽን አያቃናውም። ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ክፍል በሴኮንድ 28 በሚነዝረው ድምፅና በብዜቶቹ ላይ የራሱን ጩኸት ይጨምራል፤ የቤዝ ጊታሩ አንዱ ኖታ ሲጐላ ሌላው ይጠፋል። ክፍሉ እያነሰ ሲሄድ እነዚህ የጩኸት ነጥቦች እየተራራቁ ወደ ሙዚቃው መካከል ይገባሉ፤ ክፍሉ ሲሰፋ ግን ተቀራርበው ይደላደላሉ። ኃይሉ መርጊያና ዳህላክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1978 ለካሴት የወጣውን «ወደ ሐረር ጉዞ» በግዮን ሆቴል የምሽት ክበብ ውስጥ፣ እንግዳ በሌለበት ከሰዓት በኋላ መቅረጻቸው ከዚህ አንጻር የሚደነቅ ነው። ሰፊ ክፍል መዋስ ከሁሉ የረከሰው የቤዝ ወጥመድ ነውና። ሰፊ ክፍል ያላገኘ ግን ወጥመዱን መሥራት አለበት።

በምዕራብ ወሎ ደጋ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም ትንሽ ስቱዲዮ ለማስተካከል የተነሣ ባለሙያ ዕቃው በአጠገቡ ነው። ወፍራም ድምፅ በክፍሉ ጥጎች ስለሚከማች ሥራው የሚጀመረው ከጥግ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ በጥጉ የሚደረደር፣ ውፍረቱ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጭድ ጆንያ ብዙ ሥራ ይሠራል። ጭዱ መጠቅጠቅ የለበትም፤ የተጠቀጠቀ ጭድ ድምፅን እንደ ግድግዳ ይመልሳል። የደጋው በግ ሻካራ ጠጉር ከጭድ ይሻላል፤ ባናና ዝተት ሆኖ አርጅቶ የተጣለውም ከተሞላ አየር ጋር እስከ ተደራረበ ድረስ ይሆናል። ከተበላሸ አሮጌ ፍሪጅ የሚወጣ የመስታወት ጥጥ ከተገኘ ለዚህ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ ሲያዝ ግን አፍና አፍንጫ መሸፈን ያሻል። በአዲሶቹ ፍሪጆች ውስጥ ያለው ደረቅ ፎምና የዕቃ ማሸጊያው ነጭ ፎም ግን አየር ስለማያሳልፉ ዋጋ የላቸውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከፈረሰ ቤት የሚገኝ አሮጌ ኤተርኒት ደግሞ በአስቤስቶሱ ምክንያት መሰበርም መቈረጥም የለበትም።

ጥግ ካልበቃ የግድግዳ ሳጥን ይሠራል። 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ በእንጨት ክፈፍ ላይ ቢመታ በሴኮንድ 120 አካባቢ ይቃኛል፤ ርቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ወደ 85 ይወርዳል። በሳጥኑ ውስጥ ጠጉር ይሞላል፤ ጠጉሩ ግን ጣውላውን ነክቶ እንዳያፍነው ጥቂት ክፍተት ይተዋል። መጋጠሚያው ሁሉ በካትራሜ መደፈን አለበት፤ በአንድ ቀዳዳ አየሩ ከወጣ ሳጥኑ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የተጣለ የኮምፔንሳቶ በር ሙሉውን እንደ ፊት ገጽ ሊያገለግል ይችላል።

እንቅፋቶቹም የታወቁ ናቸው። ጭድ አይጥ ይጠራል፣ ጠጉር ብል ይበላዋል፣ ሁለቱም እርጥበት ካገኛቸው ይሻግታሉ። ስለዚህ ከወለሉ በድንጋይ ከፍ ማለትና በደንብ መድረቅ ይገባቸዋል። ከሁሉ የሚበልጠው እሳት ነው። ሰው በሚሰበሰብበት ስፍራ ጭድን ከኤሌክትሪክ መስመርና ከመብራት አጠገብ ማስቀመጥ የመቅደላን ሣር ክዳን ዕጣ ወደ ቤት መጋበዝ ነው። ሰው በሚበዛበት አዳራሽ ጋንና የጣውላ ሳጥን ይመረጣሉ፤ ጠጉርም ከጭድ ይልቅ በቀላሉ አይነድም።

ውጤቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ዕቃው ከመግባቱ በፊት ከበሮው በአዳራሹ አንድ ጥግ ይመታል፤ ሌላ ሰው በተቃራኒው ጥግ ቆሞ ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ በሰዓት ይይዛል፤ ይህም አሥር ጊዜ ያህል ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል። ጋኖቹና ሳጥኖቹ ከገቡ በኋላ ያው ከበሮ፣ በያው እጅ፣ በያው ስፍራ ይመታል። ሴባይን ከተማው ጸጥ እስኪል ድረስ እስከ ሌሊት ይጠብቅ ነበር። በደጋው ከተማ ደግሞ ወፍጮው እስኪቆም መጠበቅ ይበቃል።